ነጭ ነጠላ በነጭ ጀርባ ላይ፤ የሸቀጥን ፎቶግራፍ ቆርጦ የማውጣት ሥራ

የሽመና ውጤት በኢንተርኔት ለውጭ አገር ገዢ ለማቅረብ የሚያስብ የባሕር ዳር ነጋዴ ከዋጋና ከማጓጓዣ ቀጥሎ የሚገጥመው ችግር ፎቶግራፉ ነው። አማዞን ለሸቀጥ ዋና ምስል ንጹሕ ነጭ ጀርባ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሸቀጡም የምስሉን 85 በመቶ መሙላት ይኖርበታል። ነጠላ ደግሞ ነጭ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ይጠፋና ገዢው የሚያየው አየር ላይ የተንሳፈፈ ጥለት ብቻ ይሆናል።

ነጠላውን ጣና ዳር አንጠልጥሎ አንስቶ ጀርባውን በኋላ በኮምፒዩተር ማስወገድ ቀላል ይመስላል። ሐይቁ ለማስታወቂያ ያምራል፤ ለመቁረጥ ግን አይመችም። ፀሐይ ያረፈበት ውኃ ከነጭ ጨርቅ ጋር ስለሚመሳሰል የመምረጫ መሣሪያው ይምታታበታል። በዚያ ላይ ነጠላ ስስ በመሆኑ የውኃው ሰማያዊ በጨርቁ አልፎ ይታያል፤ ጀርባው ከተወገደም በኋላ ቀለሙ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ የሥራው ግማሽ የሚያልቀው በካሜራው ነው። ጥላ ያለበት በረንዳ ይመረጣል፤ ከኋላ ግራጫ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ነጠላው ከእሱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይሰቀላል። ግራጫ ከነጩም ከጥለቱም ይለያል፣ ቀለምም አያጋባም።

ቆረጣውን በተመለከተ ሁሉም ዕቃ በአንድ መንገድ አይወጣም። ለቱሪስት የምትሸጠው ትንሿ የደንገል ታንኳ ጠርዟ ግልጽ ስለሆነ ዙሪያዋን በፔን ቱል ነጥብ በነጥብ መከተል ይበቃል። ፎቶሾፕ ከ2018፣ አይፎን ደግሞ ከ2022 ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ዕቃውን በራሳቸው ለይተው ያወጣሉ፤ ለታንኳዋ ይህም ይሠራል። የነጠላ ዘርፍ ላይ ሲደርሱ ግን ክሮቹን አንድ ላይ ይደፍኗቸዋል፣ ወይም በመቀስ የተከረከሙ ያስመስሏቸዋል። ዘርፉ የጎደለ ነጠላ ደግሞ ለሚያውቅ ገዢ ያለቀ ዕቃ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚያዋጣው ማስክ ነው። ማስክ ምስሉን ሳይሰርዝ ይሸፍናል፤ ጥቁር የተቀባው ይደበቃል፣ ነጭ የተቀባው ይታያል፣ ግራጫው በከፊል ያሳልፋል። ዘርፉ በቀጭን ብሩሽ ይወጣል፤ ስሱ የጨርቁ ክፍልም በግራጫ ይቀባል። ከዚያ ከሥሩ ቀይ ላየር አስገብቶ ማየት ተገቢ ነው፤ በነጭ ላይ የማይታየው ትርፍራፊ በቀዩ ላይ ይጋለጣል።

ብርሃኑም ይለካል። ከ0 እስከ 255 በሚሄደው መለኪያ ጀርባው 255 ሲሆን ጨርቁ 240 አካባቢ ቢቆይ ጠርዙ ይለያል። የጥለቱን ቀለም ማድመቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ገዢው ያየውና የደረሰው ካልተመሳሰሉ ዕቃው ይመለሳል፣ የመመለሻው ወጪም ብዙውን ጊዜ በሻጩ ላይ ይወድቃል።

ፎቶሾፕ በየወሩ የሚከፈልበት በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ለሌለው ጂምፕ በነጻ ይገኛል፤ ማስክም ፔን መሰል መሣሪያም አለው። ያለቀው ሥራ በፒኤንጂ ይቀመጥ፤ ጄፔግ የተቆረጠውን ጀርባ ባዶ አድርጎ መያዝ አይችልም። ለደላላ በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ ያለበለዚያ ቴሌግራም ምስሉን ሲጨምቀው የዘርፉ ክሮች ይደበዝዛሉ።