ጨው፦ ከማጣፈጫነት እስከ ሕይወት አድንነት

የገበታ ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ውሑድ ነው። ለየብቻቸው ሶዲየም ውኃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት ነክ፣ ክሎሪንም መርዛማ ጋዝ ናቸው፤ ሲዋሐዱ ግን ሰው ያለ እርሱ የማይኖርበት ምግብ ይሆናሉ። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ እየተጠረበ የሚወጣው አሞሌ ወጥ ያጣፍጣል፣ ሥጋና ቆዳ ከብልሽት ይጠብቃል፤ ቀድሞም እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር።

በመጠለያ ጣቢያ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ሌላ ነው። ተቅማጥ ሕፃናትን የሚገድለው የሰውነታቸውን ውኃና ጨው አሟጥጦ ነው። ስኳር ጨውን፣ ጨውም ውኃን ከአንጀት ወደ ደም ይስባሉ። ስለዚህ የሕይወት አድን ዱቄት በታጣ ጊዜ፣ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ይገባል፤ ጡት ማጥባትም አይቋረጥ። ጨው ከልኩ ካለፈ ሕፃኑን ይጎዳልና፣ ማንኪያው ያልተቆለለ መሆኑን ሠራተኛው ለእናቶች በተግባር ያሳይ።