የመጀመሪያው የብየዳ ማሽን፦ በሞቃት አገር ምን ይገዛ?

የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ አፋምቦ አካባቢ ባሉት ሐይቆች ያበቃል። በዚህ አገር ለበያጅ ሥራ አይጠፋም። የመስኖ ፓምፕ መቀመጫ፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያ፣ በርና መስኮት፣ ጋሪ፣ የባጃጅ አካል ሁሉ ብረት ነው። በሎጊያና በሰመራ የሚያልፈው የጅቡቲ መንገድ ደግሞ የከባድ መኪና ጥገና ያመጣል።

በቤቱ ግቢ ትንሽ ወርክሾፕ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው “ስንት አምፔር ልግዛ?” ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። የምትበይዱት ምንድን ነው? መስመራችሁ ምን ያህል ኃይል ይችላል? የምትሠሩትስ በምን ያህል ሙቀት ነው? እነዚህ ከተመለሱ ማሽኑን መምረጥ ቀላል ነው።

በኤሌክትሮድና በቲግ መካከል ያለው ልዩነት

በኤሌክትሮድ ብየዳ ዘንጉ ራሱ እየቀለጠ ብየዳውን ይሞላል። የዘንጉ ልባስ ሲቃጠል ጋዝና ቅርፊት ይፈጥርና የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጠብቃል። ስለዚህ ደጅ ላይ፣ መጠነኛ ነፋስ እየነፈሰም ሊሠራ ይችላል። መጠነኛ ዝገት ያለበትን አሮጌ ብረትም ይታገሳል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ብረት ይመቻል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ግን የለመደ እጅ ይፈልጋል፣ አለዚያ ይቦደሳል።

በቲግ አርኩ፣ ማለትም ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ የሚነሳው ከታንግስተን ጫፍ ነው። ታንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ እንደ ኤሌክትሮድ እየቀለጠ አያልቅም። መሙያውን ሽቦ በሌላ እጃችሁ ትጨምራላችሁ፤ ብየዳውን ከአየር የሚጠብቀው አርጎን ጋዝ ነው። ለስስ ላሜራና ለስቴንለስ ንጹሕ ሥራ ይሰጣል። ዝገት፣ ቀለም፣ ዘይትና ነፋስ ግን አይችልም። ነፋሱ አርጎኑን ከገፋው ብየዳው በቀዳዳ ይሞላል።

በሩ ክፍት በሆነ ወርክሾፕ ፓምፕ መቀመጫና በር ለሚሠራ ጀማሪ እንጀራው ኤሌክትሮድ ነው። ቲግ በኋላ የሚታከል ሙያ ነው።

መጀመሪያ መስመሩን መርምሩ

የቤት መስመራችን 220 ቮልት ነው። በኤሌክትሮድ በ100 አምፔር ስትበይዱ አርኩ ላይ ያለው ቮልቴጅ 24 ያህል ነው። ይህም 2.4 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ማሽኑ ውስጥ የሚባክነውና የፓወር ፋክተሩ ጉድለት ሲጨመርበት ከመስመሩ የሚሳበው ወደ 20 አምፔር ይጠጋል። በ160 አምፔር ከሠራችሁ ደግሞ ከ30 አምፔር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የብሬከራችሁንና የቆጣሪያችሁን አቅም ሳታዩ “200 አምፔር” የተጻፈበትን ማሽን መግዛት ከንቱ ነው። ቲግ በዚህ በኩል ቆጣቢ ነው። በ100 አምፔር የአርኩ ቮልቴጅ 14 ያህል ብቻ ስለሆነ ከመስመሩ የሚስበውም በጣም ያነሰ ነው።

የማስረዘሚያ ገመዱንም አትናቁት። 30 ሜትር የሚረዝም፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ 20 አምፔር ሲያልፍበት 14 ቮልት ያህል ይበላል። 4 ካሬ የሆነው ግን ከ5 ቮልት ብዙም አያልፍም። ቀጭን ገመድ በዚያ ላይ ይግላል። የመንደሩ መብራት ማምሻውን ሲደክም በቀጭን ገመድ የሚበይድ ሰው ኤሌክትሮዱ ይጣበቅበትና ማሽኑን ያማል፤ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው።

መስመር ያልደረሰበት ቦታ በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ በ100 አምፔር ለመበየድ ቢያንስ 6 ኪሎ ቮልት አምፔር ያለው፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክል አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ይሁን። ለቤት መብራት በተሠራ ትንሽ ሶላር መበየድ አይታሰብም።

ማሽኑ ላይ የተጻፈው መቶኛና 40 ዲግሪ

ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ከአምፔሩ ጎን የመቶኛ ቁጥር አለ፤ ዲዩቲ ሳይክል ይባላል። የሚቆጠረው በ10 ደቂቃ ነው። “160 አምፔር 60 በመቶ” ማለት 6 ደቂቃ በይዳችሁ 4 ደቂቃ ታሳርፉታላችሁ ማለት ነው። “200 አምፔር 20 በመቶ” የሚል ማሽን በ200 የሚሠራው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ያው ማሽን 60 በመቶ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ወደ 115 አምፔር መውረድ አለባችሁ። በፊት ለፊቱ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ይህን አጭር ጉልበት ነው።

አይ ኢ ሲ 60974-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህ ቁጥር በ40 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት እንዲለካ ያዛል። ርካሽ ማሽኖች ግን በ20 ወይም በ25 ዲግሪ የተለካ ቁጥር የሚጽፉበት ጊዜ አለ። ለደጋ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል ላይታየው ይችላል። በሰመራና በአፋምቦ ግን በሞቃቶቹ ወራት ጥላው ራሱ ከ40 ያልፋል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሙቀቱ ያልተጻፈበትን መቶኛ አትመኑ። 120 አምፔር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በ120 ላይ 60 በመቶ የሚሰጥ ማሽን ምረጡ። ትልቁን ሥራ በጠዋት ሥሩ። ማሽኑ የሙቀት መብራቱን ሲያበራ አታጥፉት፤ ማራገቢያው እየዞረ እንዲያቀዘቅዘው ተዉት።

አቧራም እንደ ሙቀቱ ጠላት ነው። ማራገቢያው ከግራይንደር የሚበተነውን የብረት ብናኝ ስቦ ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ያስቀምጣል። ማሽኑን ከግራይንደሩ አርቁት። በየጊዜው ከሶኬት ነቅላችሁ በደረቅ አየር አስነፉት።

ትራንስፎርመር ወይስ ኢንቨርተር?

አሮጌው ባለ ትራንስፎርመር ማሽን ከባድ ነው፣ ብዙ መብራት ይስባል፣ ብዙዎቹም የሚሰጡት ኤሲ ብቻ ነው። በአንጻሩ ጠንካራ ነው፤ ሲበላሽም ሽቦ ጠምጣሚ ይጠግነዋል። ኢንቨርተር በጥቂት ኪሎ ክብደት ዲሲ ይሰጣል፣ አርኩም የተረጋጋ ነው፤ ቦርዱ ሲቃጠል ግን ጠጋኙ ጥቂት ነው። ለቤት መስመር ኢንቨርተር ይሻላል። ስትገዙ ግን ቦርዱን ማን እንደሚጠግነው ሻጩን ጠይቁ።

ከየትኛው ኤሌክትሮድ እንጀምር?

በ6013 ጀምሩ። በቀላሉ ይነሳል፣ በኤሲም በዲሲም ይሠራል፣ ቅርፊቱም ያለ ትግል ይለቃል። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩ ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ ባለ 3.2ው ከ90 እስከ 130 አምፔር ይፈልጋል። እንግዲህ ለቤት ወርክሾፕ እውነተኛ 140 አምፔር በቂ ነው ማለት ነው። ሸክም ለሚችል ወፍራም ብረት 7018 ይመረጣል። እሱ ግን እርጥበት አይወድም፤ ከተከፈተ በኋላ ቆይቶ እርጥበት ከሳበ እንደገና በምድጃ ከ300 ዲግሪ በላይ መድረቅ አለበት። ሐይቁና መስኖው አጠገብ ስትሠሩ ፓኬቱን ክፍት አትተዉ።

ቲግ መቼ ይታከል?

ብዙ የኤሌክትሮድ ኢንቨርተሮች “ሊፍት ቲግ” የሚል ምርጫ አላቸው። ታንግስተኑን ብረቱ ላይ አስነክታችሁ ስታነሱት አርኩ ይነሳል። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚገጠመው ቶርች የጋዝ መክፈቻው እጀታው ላይ ያለው ነው። ቶርቹ በኔጌቲቩ ይሰካል። በፖዘቲቩ ከተሰካ ሙቀቱ ወደ ታንግስተኑ ይዞርና ጫፉ ይቀልጣል። ይህ ምርጫ ያለውን ማሽን ዛሬ ከገዛችሁ ነገ የሚጨመረው ቶርች፣ የጋዝ መቆጣጠሪያና ሲሊንደር ብቻ ነው።

ግን ሲሊንደሩ የት ይሞላል? ይህን ሳታረጋግጡ ለቲግ አንድ ብር አታውጡ። በ150 ባር የተሞላ ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር 1,500 ሊትር ያህል ጋዝ ይይዛል። በደቂቃ 8 ሊትር ብትጠቀሙ ከሦስት ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። መሙያው ሩቅ ከተማ ከሆነ ትራንስፖርቱ ትርፉን ይበላዋል። ሲሊንደሩን ሁልጊዜ በጥላ፣ በሰንሰለት ታስሮ ቆሞ አስቀምጡት።

የወተት ዕቃና የምግብ ቤት ጠረጴዛ የሚያሠራ ደንበኛ ካለ ስቴንለስ በዲሲ ቲግ ያምራል። የግመል ወተት መያዣ ስትሠሩ የውስጡን ገጽ አስቡ። ከጀርባ አርጎን ካላገኘ ስኳር የመሰለ ጥቁር ሻካራ ይወጣበታል፤ ቆሻሻና ተሕዋስያን የሚያድሩትም እዚያ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ሌላ ማሽን ይፈልጋል። ብረቱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ 2,000 ዲግሪ ያልፋል፤ ይህን የሚያጸዳው ኤሲ ቲግ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። አንድ የአሉሚኒየም ሥራ መጣ ብላችሁ አትግዙት።

ላብ፣ ዓይንና ጭስ

ማሽኑ ሳይበይድ በባዶው የሚሰጠው ቮልቴጅ 70 እና 80 ሊደርስ ይችላል። ደረቅ እጅ ይህን ይቋቋም ይሆናል፤ በላብ የራሰ ጓንትና ሸሚዝ ግን አይከላከልም። ሁለት ጥንድ ጓንት ይኑራችሁ፣ አንዱ ሲርስ ሌላውን ልበሱ። ከእግራችሁ ሥር ደረቅ ጣውላ አድርጉ። በባዶው ያለውን ቮልቴጅ የሚቀንስ፣ ቪ አር ዲ የሚባል መከላከያ ያለው ማሽን ካገኛችሁ ለሞቃት አገር ይመረጣል።

የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አይሆንም። ማታ ዓይናችሁ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል የሚቆረቁራችሁ ዓይናችሁ በአርኩ ጨረር ስለተቃጠለ ነው። ለኤሌክትሮድ ቁጥር 10 ወይም 11 መስታወት ያለው ጭምብል ግዙ። ጋልቫናይዝድ ቧንቧና ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ወተት መጠጣት ከዚህ አያድንም፤ የሚያድነው ሽፋኑን ቀድሞ መፋቅና ከነፋሱ በላይ በኩል መቆም ነው። የነዳጅ በርሜልና ታንከር ባዶም ቢሆን አትንኩ፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። መኪና ላይ ስትበይዱ ደግሞ ባትሪውን ንቀሉ፣ የግራውንድ መቆንጠጫውንም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ አድርጉ።

ሱቅ ላይ እንዲህ ፈትሹ

ሻጩ ማሽኑን እንዲሰካው ጠይቁ። በ2.5 ኤሌክትሮድ በ80 አምፔር ቢያንስ ሁለት ዘንግ ሙሉ አቃጥሉ። አርኩ እንዴት እንደሚነሳ፣ ማራገቢያው መዞሩን፣ ሶኬቶቹ መጋላቸውን እዩ። የመያዣውንና የመቆንጠጫውን ገመድ ጨብጣችሁ ውፍረቱን መዝኑ፤ በርካሽ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው መዳቡ ነው።

የግዢው ቅደም ተከተል

ገንዘባችሁ የተወሰነ ከሆነ ሁሉንም ማሽኑ ላይ አታፍስሱት። በመጀመሪያ ጭምብል፣ ጓንትና ወፍራም ገመድ ግዙ። ቀጥሎ በ40 ዲግሪ ተለክቶ 120 አምፔር በ60 በመቶ የሚሰጥ፣ ሊፍት ቲግ ያለው የዲሲ ኢንቨርተር። ከዚያ ግራይንደርና አንድ ፓኬት 6013። የቲግ ቶርቹን የምትገዙት የአርጎን መሙያ ስታገኙና ስቴንለስ የሚያሠራ ቋሚ ደንበኛ ሲኖራችሁ ነው። እስከዚያው ያንን ፓኬት በቁርጥራጭ ብረት ላይ ጨርሱት፤ የመጀመሪያውን የደንበኛ በር ከዚያ በኋላ ተቀበሉ።