የቮልስ ሞተር ዘይት የሚያፈሰው ከየት ነው?

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ትንሿን ቮልስዋገን፣ በተለምዶ አጠራሯ ቮልስን ነው። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ተሠርታ ምርቷ ቢቆምም፣ በአገራችን መንገድ ላይ ዛሬም እናያታለን። (መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በዚችው ዓይነት መኪና እንደነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።) በቆመችበት መሬት ላይ ጥቁር የዘይት ጠብታ ማየትም እንዲሁ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ባለቤቶች «ቮልስ እንዲሁ ናት» ብለው ይተዉታል። ይህ ግን ትክክል አይደለም።

ለምን ቢባል፣ የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም። ከኋላ ተቀምጦ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመው፣ የሚቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ በሚገፋው አየር ነው። ከአየሩ ጋር ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣው ራሱ ዘይቱ ነው። ያውም 2.5 ሊትር ብቻ! በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች፣ ዘይቱ ከላይኛው ወደ ታችኛው ወረደ ማለት ከ1 ሊትር በላይ ጎደለ ማለት ነው። ይህም የጠቅላላውን ግማሽ ያህል ነው። የቀረው ዘይት ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ብሮንዚናው ይበላል። ከዚያ በኋላ ወጪው ሌላ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር፣ ዘይት የሚንጠባጠብበትና ዘይት የሚያፈስበት ቦታ አንድ አለመሆኑ ነው። ከላይ ያመለጠ ዘይት በሞተሩ ገላ ላይ ተንሸራትቶ ዝቅ ያለ ብሎን ላይ ይጠራቀምና ከዚያ ይንጠባጠባል። የማራገቢያው አየር ወደ ታች ይገፋዋል፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይረጨዋል። ታዲያ ከሥር ገብቶ እርጥብ የሆነውን ብሎን ሁሉ ማጥበቅ ምን ይረባል?

መታጠብ አለበት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ (እንደጋለ ከቶ አይሞከርም፣ እሳት ያስነሳል) ካርቡራተሩንና ዲስትሪቢዩተሩን በላስቲክ ሸፍኖ፣ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥቦ በጨርቅ ማድረቅ ነው። ጋዙ ተንኖ ካለቀ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ነድቶ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ ከሥሯ ካርቶን ማንጠፍ። ካርቶኑ ላይ የመኪናዋን ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ መጻፍ አይረሳ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከጠብታው ትክክል ወደ ላይ በባትሪ መብራት እያዩ፣ ከሁሉ ከፍ ያለውን እርጥብ ቦታ መፈለግ ነው። ካስቸገረ የሕፃናት ፓውደር ይነስነስበት፤ ዘይቱ በነጩ ዱቄት ላይ መንገዱን ያሳያል። ከሥር የሚገባ ሰው በክሪክ ብቻ አይተማመን፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስገባ።

ጠብታው በግራ ወይም በቀኝ ወደ ጎማው ጠጋ ብሎ ከተገኘ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቫልቭ ክዳኑ ነው። በሽቦ ማቀፊያ የተያዘ ሲሆን የቡሽ ጓርኒሲዮን አለው። በሰፈራችን የአንድ ጎረቤታችን ቮልስ «ሞተሩ ወርዶ ይፈታ» ተብሎላት ነበር። ሰውየው ልጆቹን የሚያሳድገው በእሷ ዕቃ እያመላለሰ ስለሆነ፣ የሳምንት መቆሟ ራሱ ጭንቅ ነበር። ታጥባ ስትታይ ያፈሰሰው የቀኙ ክዳን ነው! አሮጌው ጓርኒሲዮን ሳይነሳ ሌላ ተደርቦበት ኖሯል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ሆነ። አሮጌው ተፍቆ ይነሳል፣ የክዳኑ ጠርዝ አለመጣመሙ ይታያል፣ አዲሱ ከክዳኑ ጋር ብቻ ይጣበቃል። በሞተሩ በኩል ማጣበቂያ አያስፈልግም።

ከክዳኑ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከሲሊንደሮቹ በታች ከሆነ ግን ቱቦዎቹ ናቸው። ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው ስምንት ቱቦዎች በሁለቱም ጫፋቸው የጎማ ቀለበት አላቸው፤ በድምሩ 16። ጎማው በሙቀት ይደርቃል፣ ቱቦውም ይዝጋል። የፋብሪካውን ዓይነት ለመለወጥ ቴስታታው መውረድ አለበት። በስፕሪንግ የሚለጠጥ ባለ ሁለት ቁራጭ ቱቦ ግን ቴስታታው ሳይወርድ ይገባል። ከዚህ የሚወርድ ዘይት የጋለው ማርሚታ ላይ ሲያርፍ ጭስና ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል።

መሐል ለመሐል ከሥር ያለው የወንፊቱ ክዳን ነው። በስድስት ትንንሽ ዳዶዎች ይያዛል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጉልበት ነው! 0.7 ኪሎግራም ሜትር የሚበቃውን በረጅም ቁልፍ ሲያጠብቁት ክዳኑ ይጣመማል፣ ጥርሱም ይነቀላል። ሁለቱ የወረቀት ጓርኒሲዮኖችና የመዳብ ቀለበቶቹ ዘይት በተለወጠ ቁጥር መለወጥ አለባቸው።

በግራ በኩል ከላይ የሚመጣ ከሆነ የዘይት ግፊት መብራቱ ስዊች ይታይ፤ ርካሽ ነው። እሱ ደረቅ ከሆነ የዘይት ማቀዝቀዣው ሁለት የጎማ ቀለበቶች ናቸው፤ ለእነሱ የማራገቢያው ቤት መነሳት አለበት።

በቺንጋው ፑሊ በኩል የሚያፈስ ቮልስ ግን የተለየ ነው። በፋብሪካው አሠራር እዚያ የጎማ ቀለበት የለም፤ ዘይቱን የሚመልሰው በፑሊው አንገት ላይ የተቆረጠው ጥርስ ነው። ስለዚህ በዘይት መሙያው አጠገብ ያለው የመተንፈሻ ቱቦ ከተደፈነ፣ ወይም የፒስተን ቀለበቶች አልቀው ጋዝ ወደ ታች ካለፈ፣ የውስጡ ግፊት ዘይቱን ይገፋዋል። ጓርኒሲዮን መለወጥ አይፈውሰውም። በቅድሚያ መተንፈሻው ይጠረግ፤ ከዚያ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ።

የቀረው ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ነው። እዚህ የሚንጠባጠበው ወፍራምና የድኝ ሽታ ያለው ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ሞተሩ ላይ አይፈረድ። የሞተር ዘይት ከሆነ ግን ከቮላኖው ጀርባ ያለው ፓራኦሊዮ ሳይሆን አይቀርም፤ ፍሪሲዮኑም መንሸራተት ይጀምራል። ሞተሩን ማውረድ የግድ የሚሆነው ይኼኔ ነው። ከወረደ ታዲያ ፓራኦሊዮ ለውጦ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ የክራንክ ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚላወስበት ክፍተት ይለካ። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ደህና ነው። ከ0.15 ካለፈ ከቮላኖው ሥር ባሉት ሦስት ስስ ቀለበቶች ውፍረት ይስተካከላል፤ አለዚያ አዲሱም ፓራኦሊዮ ያፈስሳል።