የብስክሌት ማርሽና የጉና አቀበት፦ የጥርስ ቁጥር እንዴት ይመረጣል?

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጓጉዙ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ብረት በተራራው ላይ በቀጥታ አልተጎተተም። በፊቱ መንገድ እየተጠረገ፣ አቀበቱም እየተለዘበ ሄደ። ለዘብ ባለ መንገድ የሚሄድ ሸክም ረጅም ርቀት ይጓዛል፤ በየእርምጃው የሚጠይቀው ኃይል ግን ያንሳል። ርቀትን ከፍሎ ኃይልን መቆጠብ የሚባለው የመካኒክስ ሕግ ይህ ነው። የብስክሌት ማርሽም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ ብስክሌተኛው መንገዱን ማስተካከል ስለማይችል፣ ልዝቡን መንገድ በሰንሰለቱና በጥርሶቹ መካከል መፍጠሩ ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በጉና ሥር አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ ለመጓዝ የሚያስብ ወጣት ስለ ብስክሌቱ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ምን ያህል ቀላል ነው?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ መኖሩን ነው።

ማርሽ ምን ይሠራል?

የፊት ጥርስ ቁጥር ለኋላ ጥርስ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ንጥጥር፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግረናል። የአንድ የመንገድ ብስክሌት ጎማ መጠነ ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የፊቱ 50፣ የኋላው 11 ጥርስ ቢሆን፣ ንጥጥሩ 4.55 ሲሆን ብስክሌቱ በአንድ የፔዳል ዙር 9.5 ሜትር ይሄዳል። የፊቱም የኋላውም 34 ቢሆን ግን የሚሄደው 2.1 ሜትር ብቻ ነው። ሁለተኛው ማርሽ ትንሽ ርቀት ያስኬዳል፤ በምላሹ እግር በፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል ይቀንሳል። በአንድ ሴኮንድ የሚሠራውን የሥራ መጠን፣ ማለትም አቅምን፣ ማርሽ አይጨምርም። የጋላቢው አቅም ያው ነው፤ ማርሹ የሚወስነው ያ አቅም በምን ዓይነት አረጋገጥ እንደሚወጣ ነው።

የመንገዱ ጠባይ

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ አማካይ ዳገቱ ከ2 በመቶ ጥቂት ይበልጣል። አማካይ ግን ያታልላል። የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ሜዳው የተወውን ከፍታ ዳገቶቹ ያስከፍላሉ። ስለዚህ ማርሽ የሚመረጠው ለአማካዩ ሳይሆን ለከባዱ ቦታ ነው።

ከፍታው ራሱም የስሌቱ አካል ነው። በደብረ ታቦር የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ገደማ ነው። የአየሩ እፍጋት በመቀነሱ በሜዳ ላይ የአየር ግጭት ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅም ነው። በአንጻሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳልና ለረጅም ሰዓት ሊወጣ የሚችለው አቅም ይቀንሳል። በባሕር ወለል አገሮች ተዘጋጅተው የሚመጡ የማርሽ ምክሮችን እንዳሉ ለመቀበል የማያስችለን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስሌቱ

ጋላቢው፣ ብስክሌቱና ጓዙ በአንድነት 75 ኪሎ ግራም ይሁኑ። ዳገቱን 7 በመቶ፣ ጋላቢው ለሰዓታት ሊያወጣ የሚችለውን አቅም 150 ዋት እንውሰድ።

በመጀመሪያ፣ ወደ ኋላ የሚስበው የስበት ኃይል 75 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ0.07፣ ማለትም 51.5 ኒውተን ነው። የጎማው የመንከባለል ሰበቃ 4.4 ኒውተን፣ በዚህ ዝግተኛ ፍጥነት የአየሩ ግጭት ደግሞ 1.2 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ድምሩ 57 ኒውተን ነው።

ቀጥሎ፣ ከ150 ዋት ውስጥ ጥቂቱ በሰንሰለቱ ሰበቃ ስለሚጠፋ ጎማው ላይ የሚደርሰው 145 ዋት ነው እንበል። ይህ ለ57 ሲካፈል ፍጥነቱ በሴኮንድ 2.5 ሜትር፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጎማው በደቂቃ 72 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

አሁን ጥርሶቹን እናስገባ። በብዙ አሮጌ የውድድር ብስክሌቶች ላይ የፊቱ ትንሽ ጥርስ 42፣ የኋላው ትልቅ ጥርስ 23 ነው። ንጥጥሩ 1.83 በመሆኑ ፔዳሉ በደቂቃ 40 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እግር በአማካይ 210 ኒውተን ሊገፋ ይገደዳል። ፊት 34፣ ኋላ 28 ሲሆን ዙሩ ወደ 60 ከፍ ይላል። ፊትም ኋላም 34 ሲሆን ዙሩ 72፣ አማካይ ኃይሉም 117 ኒውተን ይሆናል። አቅሙ አልተለወጠም፤ ፍጥነቱም አልተለወጠም። ጉልበትና ጡንቻ የሚሸከሙት ጫና ግን በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ለረጅም ጉዞ ብዙዎች የሚመቻቸው ዙር በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ያለው ነው።

ታዲያ 42 በ23 የተሠራው ለማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በሚወዳደርበት ደረጃ ያለ፣ በዳገት ላይ 350 ዋት የሚያወጣ ጋላቢ እናስብ። በዚሁ ክብደትና በዚሁ ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በ42 በ23 የሚዞረውም በደቂቃ 86 ጊዜ ነው። ለእርሱ የተመቸ ማርሽ ተማሪውን በ40 ዙር ያስቃትተዋል። «እኔ አቅም የለኝም» ብሎ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ወጣት፣ ምናልባት የጎደለው አቅም ሳይሆን አሥራ አንድ ጥርስ ነው።

ብስክሌትን በሁለት ኪሎ ማቅለልስ? ስሌቱን በ73 ኪሎ ብንደግመው፣ በ42 በ23 ዙሩ ከ40 ወደ 41 ብቻ ከፍ ይላል። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ አስቀድሞ ለካሴቱ ይውጣ።

ቁልቁለቱስ?

ብዙዎች ትልቁን የፊት ጥርስ ማሳነስ ፍጥነት ያሳጣል ብለው ይሰጋሉ። በ50 በ11 በደቂቃ 90 ዙር የሚረግጥ ሰው በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ46 በ11 ደግሞ 47 ኪሎ ሜትር። ሆኖም በዚያው 7 በመቶ ቁልቁለት ፔዳሉን ሳይነካ የሚወርድ ጋላቢ፣ ፍሬን ካልያዘ፣ ወደ 58 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በቁልቁለት የሚያስፈልገው ጥሩ ፍሬን እንጂ ትልቅ ጥርስ አይደለም።

የሚከፈለው ዋጋ

ሰፊ ካሴት ያለ ዋጋ አይገኝም። ከ11 እስከ 34 የሚሄድ ባለ 11 ደረጃ ካሴት ብዙውን ጊዜ 11፣ 13፣ 15፣ 17፣ 19፣ 21፣ 23፣ 25፣ 27፣ 30፣ 34 ጥርስ አለው። ከ13 ወደ 15 ሲቀየር ንጥጥሩ በአንድ ጊዜ 13 በመቶ ይቀንሳል፤ በጠባብ ካሴት ከ13 ወደ 14 ሲቀየር ግን 7 በመቶ ብቻ ነው። በፎገራ ሜዳ በእኩል ፍጥነት ለሚጋልብ ይህ ዝላይ ይሰማዋል። በዳገት ላይ ግን እምብዛም አያስቸግርም።

ሁለተኛው ጉዳይ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ነው። የፊቶቹ ጥርሶች ልዩነት ከካሴቱ ልዩነት ጋር ሲደመር ቀያሪው ሊሰበስበው የሚገባውን የሰንሰለት መጠን ይሰጣል። ፊት 50 እና 34፣ ኋላ ከ11 እስከ 34 ቢሆን፣ 16 ሲደመር 23፣ 39 ጥርስ ይሆናል። አጭር ክንድ ያለው ቀያሪ ይህን አይችልም። ስለዚህ ካሴት ከመግዛት በፊት ቀያሪው የሚችለው ድምርና የሚቀበለው ትልቁ ጥርስ ይጣራ፤ የሰንሰለቱም ርዝመት እንደገና ይለካ።

ባጠቃላይ፣ ጓዙ ቀላል ለሆነ ጋላቢ ፊት 50 እና 34፣ ኋላ ከ11 እስከ 34 ለዚህ መንገድ ይበቃል። ጓዝ ለሚጭን ደግሞ ፊት 46 እና 30 የተሻለ ነው።

መልመጃ፦ ጠቅላላው ክብደት 90 ኪሎ ግራም፣ አቅሙም 150 ዋት ቢሆን፣ በ7 በመቶ ዳገት በ34 በ34 እና በ30 በ34 የፔዳሉ ዙር በደቂቃ ስንት ይሆናል? የመጀመሪያውን 61፣ ሁለተኛውን 69 ገደማ ካገኛችሁ ስሌቱ ገብቷችኋል። ከዚያም የራሳችሁን ክብደት አስገቡና የብስክሌታችሁን ጥርሶች ቁጠሩ።