ስለ ብስክሌት እሽቅድምድም ስልት፤ ለጀማሪዎች

በጎዳና ላይ በሚደረግ የብስክሌት እሽቅድምድም ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ከሁሉ የበረታው ሳይሆን ጉልበቱን ለጊዜው ያቈየው ነው። ጀማሪ ግን ይህን ስለማያውቅ፥ ውድድሩ ገና ሲጀመር ከፊት ካልሆንሁ ይላል፤ ነፋሱን ለሁሉ ሲቀበል ይቈይና፥ መጨረሻው ሲቃረብ ሌሎቹ ባልደከመ እግር ያልፉታል። ስለዚህ መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የነፋስን ነገር ያስረዳ።

በሜዳ መንገድ ፈጥኖ የሚሄድ ብስክሌተኛ አብዛኛው ጉልበቱ አየሩን በመግፋት ያልቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የአየሩ ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ግፊት ለማሸነፍ በየደቂቃው የሚያስፈልገው ጉልበትም 8 እጥፍ ነው። ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ከዚህ ድካም ብዙውን ይድናል። በዳገት ግን መጠለል እምብዛም አይረዳም፤ በዚያ ፍጥነቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ትግሉ ከነፋስ ይልቅ ከራስ ክብደት ጋር ነው። ተጠግቶ ሲሄድም የፊት ጎማውን ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጎን አያግባ፤ ፊተኛው ድንገት ቢዞርና ጎማ ከጎማ ቢነካካ የሚወድቀው የኋለኛው ነውና።

ጥቂት ሆነው ከጭፍራው ያመለጡ ሰዎች ሁልጊዜ ሊጠለሉ አይችሉም። በማኅሌት የግራና የቀኝ መዘምራን እንደሚቀባበሉ፥ እነዚህም ፊተኛነቱን እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ተራው የደረሰው ፍጥነቱን ሳይጨምር ጥቂት ይመራል፤ ከዚያም ገለል ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፊት በደረሰ ጊዜ ጉልበቱን ለማሳየት የሚፈተለክ ጀማሪ ባልንጀሮቹን ይበትናል፤ ይህም ከስንፍና ይልቅ ይጎዳል።

ሁለተኛው ነገር መቍጠር ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ፥ በሴቶች የ137 ኪሎ ሜትር ውድድር፥ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ተሳስተውበታል። አና ኪሰንሆፈር የምትባል ኦስትርያዊት፥ የሒሳብ ምሁር እንጂ በደመወዝ የተቀጠረች ብስክሌተኛ ያልነበረች፥ ገና ከመነሻው ከጥቂቶች ጋር አመለጠች። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ጓደኞቿን ትታ ብቻዋን ሄደች። በዚያ ውድድር ከአሠልጣኝ ጋር በሬድዮ መነጋገር አልነበረም፤ የኋለኞቹም ከእርሷ ጋር የነበሩትን ሁለቱን በደረሱባቸው ጊዜ ሁሉንም የያዙ መሰላቸው። የሆላንዷ አኔሚክ ፋን ፍለውተን ከኪሰንሆፈር 75 ሰኰንድ ዘግይታ ስትደርስ፥ ያሸነፈች መስሏት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ጉልበት አልጐደላትም፤ የጐደላት ቍጥር ነበረ።

ስለ መጨረሻው ሩጫ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሰው ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣው ለጥቂት ሰኰንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ቀድሞ የተነሣ ሌሎቹን ከነፋስ ጠልሎ ያደርሳቸዋል።

ልምምዱ መኪና በማያልፍበት ሜዳ ይሁን። ብስክሌት ጥቂት በሆነበት ትምህርት ቤት፥ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየተራ ተጠግቶ መሄድን ብቻ ይልመዱ። የሚበቃ ቢገኝ ግን መምህሩ ከስምንት ተማሪዎች ሁለቱን ለሌሎቹ ሳይነግር አስቀድሞ ይስደዳቸው፤ ሁሉም በተመለሱ ጊዜ ከቀሩት እያንዳንዱን ለብቻው ጠርቶ፥ ከፊትህ ስንት ሰው ነበረ ብሎ ይጠይቀው።