ፍትሕና መዝገብ

ለቡድን ጥናት
ንባብ፦ ዘጸአት 18፥13–26፤ የሐዋርያት ሥራ 6፥1–7



ስለ ድሆች ፍትሕ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ነገሥታትና ስለ ታላላቅ ሕጎች ነው። ለአንዲት መበለት ግን ፍትሕ የሚደርሳት ወይም የሚቀርባት ስም በሚጻፍበት መዝገብና አቤቱታ በሚሰማበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ የመንግሥት አስተዳደር ጉዳይ አማኞችን አይመለከትም ማለት አንችልም።

1. መዘግየትም በደል ነው

ሙሴ ቅን ፈራጅ ነበረ። ሆኖም ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዮቶር ይህን አይቶ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩና ጉቦን የሚጠሉ ሰዎች በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳና በአሥር ላይ እንዲሾሙ መከረው። ቀላሉ ጉዳይ በቅርብ አለቀ፤ ከባዱ ብቻ ወደ ሙሴ መጣ። ከዚህ የምንማረው የሹሙ ቅንነት ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ መልካም አሠራርም ያስፈልጋል። «ነገ ተመለስ» የሚባል የቀን ሠራተኛ የዚያን ቀን እንጀራውን ያጣል።

2. የተዘለለው ስም

በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ግሪክኛ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶች ከዕለቱ ዕደላ ተዘለሉ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም፤ ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች መሆናቸውን እናስተውል። ቅሬታው ተሰማ፤ አሠራሩም ተስተካከለ።

3. ከአገራችን አንድ ምሳሌ

በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ከለጋሾች ጋር የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን ጀመረ። ዓላማው በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚደርስባቸው ቤተሰቦች የድንገተኛ እርዳታ ከመጠበቅ ይልቅ አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ እንዲያገኙ ነበር። ጉልበት ያላቸው እርከን በመሥራትና መንገድ በመጥረግ ገንዘብ ወይም እህል ያገኙ ነበር፤ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ይረዱ ነበር። መመሪያው የተጠቃሚዎች ዝርዝር ለነዋሪው ይፋ እንዲሆን፣ «ተዘልያለሁ» የሚልም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ያዛል።

ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ማንበብ የማትችል፣ ከስብሰባው ቦታ ርቃ የምትኖር፣ በኮሚቴው ውስጥ ዘመድ የሌላት እናት አብሯት የሚሄድ ከሌለ ድምፅዋን ማን ይሰማል?

4. የእኛ ድርሻ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምናገለግል፣ ፊታችን የቆመውን ባለ ጉዳይ እንደ ጌታ አገልጋዮች እናስተናግድ። በጉባኤ ያለን፣ ለሹማምንት እንጸልይ፤ አቤቱታ ማቅረብ የሚያቅተውንም አብረነው እንሂድ። በፕሮጀክት የምንሠራ ደግሞ ዝርዝራችንን በሕዝብ ፊት እናንብብ፤ ቅሬታን የሚሰማውም ስሙን ከመዘገበው የተለየ ሰው ይሁን። የእኛ ምእመን ስለ ሆነ ብቻ የምናስገባው አንድ ስም የሌላውን የተራበ ስም ያስወጣልና።

ለውይይት

ሀ. በአካባቢያችን ከዝርዝር በቀላሉ የሚዘለሉት እነማን ናቸው?
ለ. በእኛ የእርዳታ ሥራ ቅሬታ ያለው ሰው ወደ ማን ይሄዳል? መልስስ በስንት ቀን ያገኛል?
ሐ. በዚህ ወር ወደ ቀበሌ አብረነው የምንሄድ አንድ ጎረቤት አለን?

የመበለቲቱን ጩኸት የሚሰማ አምላክ ጆሮአችንን ይክፈት፤ እጃችንንም ለቅን ሥራ ያበርታ። አሜን።