ጭስ፣ መዓዛና ሻጋታ

በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር፣ በሞያሌ ከተማ አካባቢ የተንጣለለው ቆላማ ሜዳ ጎልቦ ይባላል። ነዋሪው በአብዛኛው ከብትና ግመል አርቢ የሆነው የቦረና ሕዝብ ነው። ከምግቡም መካከል የላቀውን ስፍራ የያዘው ወተት ነው። ዝናም በጠፋባቸው ወራት ላሞቹ ስለሚነጥፉ፣ የተገኘችው ጥቂት ወተት ሳትበላሽ መሰንበት ይኖርባታል።

ወተቱ የሚጠራቀመው ከዕፅዋት ቃጫ ተሰፍቶ በሚሠራው ጎርፋ በተባለ ዕቃ ነው። በዚያው ውስጥ ረግቶ፣ ለሳምንታት የሚቆይ ኢቲቱ የተባለ እርጎ ይወጣዋል። ነገር ግን ቃጫ እንደ እንጨት ሁሉ እርጥበት ይመጥጣል፤ እርጥበት ባለበት ደግሞ ሻጋታ ይበቅላል። የሻጋታ ዘር ዐይን የማያየው፣ በነፋስ የሚጓዝ ብናኝ በመሆኑ በማጠብ ብቻ አይገታም። ጎርፋው ከሻገተ የቤተሰቡ ምግብ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እናቶች ጎርፋውን አጥበው ካደረቁ በኋላ፣ የወይራ ወይም የግራር ፍልጥ አቀጣጥለው ውስጡን ያጥኑታል። ልማዱ የቦረና ብቻ አይደለም፤ የደጋዋ ጠላ ጠማቂም ጋኗን በወይራ ሳታጥን ጥንስሷን አትጥልም።

የጭሱ ኀይል ከምን የመጣ ነው? ሙቀቱ ዕቃውን ያደርቃል። ከዚህ የሚበልጠው ግን፣ እንጨቱ ሲጤስ ፌኖል የተባሉ ውሑዶች ተፈጥረው በዕቃው ግድግዳ ላይ መለጠፋቸው ነው። የሻጋታንና የባክቴሪያን እድገት ያግዳሉ። የሚያስደንቀውም፣ በጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ቲሞልና በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ዩጅኖል ከዚሁ ከፌኖል ወገን መሆናቸው ነው። እነዚህን ተክሉ ያለ እሳት፣ በቅጠሉና በእምቡጡ ያዘጋጃቸዋል። የሻጋታውን ሕዋስ ሽፋን ስለሚያፈርሱም፣ በእንጨት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የሁለቱ ተክሎች ዘይት ሻጋታን ሲገታ ታይቷል።

ይሁን እንጂ መዓዛው ለአፍንጫ የሚደርሰው ዘይቱ ስለሚተን ነው፤ ተንኖ ሲያልቅም ጥበቃው ያበቃል። ጥድ ግን ዘይቱን በእንጨቱ እምብርት ውስጥ አምቆ ስለሚይዝ ቶሎ አይበሰብስም። በያቤሎና በአረሮ ደን የሚበቅለው ጥድ ለቤት ምሰሶና ለአጥር የሚፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ እንጨት ዘይት ቢቀባም እንኳ ዝናም እየመታው ከዋለ አይድንም። የእርጥበቱ መጠን ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች ሆኖ የሚቆይ እንጨት ግን፣ ምንም ሳይቀባ ከብስባሴ ይተርፋል።

ጎርፋም አንድ ጊዜ ታጥኖ የሚተው ዕቃ አይደለም። ወተቱ በተገለበጠ ቁጥር ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይታጠናል።